የቀትሯ ተረኛ

ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱም ጉዱ ሁሉ የጀመረው አንዲት ደግ ሴት ስላዘነችልኝ ነው።

መልእክቷ የመጣው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። «በመጀመሪያ ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ» ይላል። በኢንተርኔት ሥራ የምትልክልን ኃላፊያችን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጀምረው። ሥራ ስትልክ አመሰግናለሁ፣ ሥራ ስንልክላት አመሰግናለሁ፣ ስህተት ስታገኝብን እንኳ አስቀድማ አመሰግናለሁ። አብሮን የሚኖረው ቀያሽ «ወይዘሮ አመሰግናለሁ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። እሷ እኔን አንቱ፣ እኔ እሷን አንቱ፤ ሳንተያይ ስድስት ወር ተከባብረን ኖረናል። ከምስጋናው ቀጥሎ ግን እንዲህ ይላል፦ «አካውንትዎ በቀን አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ላይ መሆኑን አየሁ። ማንም ሰው ይህን ያህል መሥራት የለበትም። ስለ እርስዎ ተጨንቄአለሁ። ነገ በአራት ሰዓት በቪዲዮ እንነጋገር። እስከዚያ አካውንቱን ዘግቼዋለሁና እባክዎ ይረፉ።»

ይረፉ ትለኛለች። ሥራ ፈትቶ ማረፍ የሚቻልበትን ዘዴ አብራ ብትልክልኝ ጥሩ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የምንኖረው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ አንድ የመማሪያ ክፍል፣ በአንሶላ ለአራት ተከፍሎ። በአንደኛው ማዕዘን እኔ፣ እናቴና የዘጠኝ ዓመት ልጄ። በሁለተኛው ቀያሹ ከሚስቱ ጋር። ሠላሳ ዓመት የሰው መሬት ሲለካ የኖረ ሰው፣ አሁን የአንሶላውን ወሰን በስንዝር እየለካ «ገፋችሁኝ» ይላል። በሦስተኛው ነርሷ ከሁለት ልጆቿ ጋር። በአራተኛው ሙሽራዋ ከታማሚ አባቷ ጋር። ሙሽራ የምንላት ከተማው የተመታው በሠርጓ ሳምንት ስለሆነ ነው። ባልየው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ እሷ ግን ሙሽራ እንደተባለች ቀረች።

መታወቂያ ይዤ የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። የሌሎቹ ከነቤታቸው ተቃጥሏል። ሥራው ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የተጠየቅነው መታወቂያ ነበር። ስለዚህ አካውንቱ በእኔ ስም ተከፈተ፤ ላፕቶፑ የነርሷ፣ የጆሮ ማዳመጫው የቀያሹ፣ አራታችን በፈረቃ እንሠራበታለን። ሥራው የስልክ ቃለ መጠይቅ አዳምጦ መጻፍ ነው። አንዱ ደውሎ ስለ ጤና፣ ስለ ውኃ፣ ስለ እህል ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ እኛ ቃል በቃል እንጽፋለን። ያልተሰማ ቦታ ላይ «አይሰማም» ብሎ ማለፍ ይፈቀዳል።

ለእኔ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ዳኛው ሲያጉረመርም፣ ጠበቃው ሲጮኽ፣ ምስክሩ ሳግ ሲተናነቀው፣ አንድ ቃል አላመለጠኝም። እዚህም «ችሎት» ነው የሚሉኝ። ሦስቱንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ነጠላ ሰረዝ ሲረሱ እጃቸውን በማስመሪያ ልመታ ምንም አይቀረኝም ነበር።

አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቱ በወሩ መጨረሻ ተማሪ ሊቀበል ነው። ርዕሰ መምህሩ ሦስት ጊዜ መጥቶ ነግሮናል፤ በሦስተኛው ዓይናችንን ማየት አቅቶት ለግድግዳው ነው የነገረው። ውጭ ቤት የሚያከራይ ሁሉ የሚጠይቀው የሥራ ደብዳቤ ነው። ከጦርነት የመጣን መሆናችንን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል፣ ደብዳቤ ሲያዩ ይፈታል። ሠራተኛችን ናት የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት፤ ጣራ የሚሆነን እሱ ነው። ወይዘሮ አመሰግናለሁ ደብዳቤውን ልትጽፍልኝ ፈቃደኛ ነበረች። ግን ቤተሰቡ አራት፣ ስሙ አንድ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን መከርን።

«እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል በያት» አለ ቀያሹ።

«ጋሼ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት?»

«በጣም እምቢ ብሎኛል በያት።»

ነርሷ አልሳቀችም። «እትዬ፣ እውነቱን ንገሪያት» አለች። «ክፉ ሴት አትመስለኝም።»

«አካውንቱን ለሌላ ያጋራ ይሰረዛል ነው የሚለው ደንቡ። አንብቤ ነው የፈረምኩት።»

ሌላም የፈረምኩት ነገር ነበር፤ እሱን አልነገርኳቸውም። ከቅጹ ግርጌ «ሁለቱም ጆሮዎቼ ጤነኛ ናቸው» የሚል ሣጥን ነበር። ቀኝ ጆሮዬ ገበያው ከተመታበት ቀን ጀምሮ እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ይጮኻል። ያልፋል ብዬ ምልክቱን አደረግኩ። እኛ በየመዝገቡ ፊት ቆመን የተማርነው ይህንኑ ነው። ታማሚ አለብኝ ያለ ወደ ሌላ ሰልፍ ይላካል፣ ባሌ ጠፍቷል ያለች የመጥፋቱን ማስረጃ አምጪ ትባላለች። ስለዚህ ሁሉ ደህና ነው እንላለን። በእነዚያ ሰልፎች ላይ እውነት ተናግሬ የተጠቀምኩበት አንድ ቀን አላስታውስም።

ለሥራው ግን ጆሮዬ ያስቸገረኝ አይመስለኝም ነበር። የማዳመጫው የቀኝ በኩል ከመጀመሪያውም አይሠራም። የዛሬ ስድስት ወር «ጋሼ፣ ቀኙ እኮ ሞቷል» ስለው፣ ትንሽ አየኝና «እሱማ ከሞተ ቆየ» አለኝ። አራታችንም በግራችን ብቻ እየሰማን የምንሠራ ነበር የመሰለኝ። መላሹ የማይሰማበት ፋይል ሲበዛብኝም የስልክ መስመሩን እረግም ነበር።

«ደግሞስ አሥራ ዘጠኝ ከየት አመጣችው?» አልኩ። እልህ ያዘኝ። «ሙሽራዋ ከንጋቱ አሥራ አንድ እስከ ሁለት፣ ሦስት ሰዓት። ጋሼ እስከ ስድስት፣ አራት። እኔ እስከ አሥር፣ አራት። ነርሷ እስከ ምሽቱ ሦስት፣ አምስት። አሥራ ስድስት ነው። ማሽኗ መቁጠር አይችልም።»

ሙሽራዋ የአንሶላውን ጫፍ ማጠፍና መዘርጋት ጀመረች። እኔ ስናደድ የሰው ፊት አላነብም፤ ያን ጊዜ ቀና ብዬ ባያቸው ኖሮ ብዙ ነገር ይገባኝ ነበር።

ረቡዕ በአራት ሰዓት ላፕቶፑን የተማሪ ዴስክ ላይ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ሦስቱም እንዲሰሙ ማዳመጫውን ነቅለን ድምፁን ለቀቅነው። እነሱ ካሜራው በማያገኛቸው በኩል፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተደርድረው ቁጭ አሉ።

ሴትዮዋ ካሰብኳት በላይ ልጅ ናት። መነጽር አድርጋለች፤ ከጀርባዋ ወንበር ላይ ካልሲ እንዲደርቅ ተሰጥቷል። ካልሲውን ሳይ ፍርሃቴ ትንሽ ቀለል አለ።

«ብቻዎን ነዎት?» አለችኝ።

«ብቻዬን ነኝ» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

«የሚያስገድድዎ ሰው ካለ በአፍዎ መናገር አይጠበቅብዎትም። ግንባርዎን ብቻ ይንኩ፤ ይገባኛል።»

ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ ግንባሬ ማሳከክ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ሁለት እጆቼን ከጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩባቸው። ቀያሹ አፉን በመዳፉ አፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«የሚያስገድደኝ የለም» አልኩ።

«እንግዲያው እራስዎን እየጎዱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በቀን ከስድስት ሰዓት በላይ እንዳይከፍት አደርገዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው።»

ስድስት ሰዓት ለአራት ተካፈሉት። ነርሷ ወደ እኔ አንገቷን አሰገገች፤ ዓይኗ ልጆቿ ወዳሉበት አንሶላ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ምላሴ እኔን አልጠየቀኝም።

«በአካውንቱ አራት ሰው ይሠራበታል» አልኩ። «መታወቂያቸው ተቃጥሎ ነው። በእኔ ስም ነው የሚሠሩት።»

መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸችው። እኔም የአራት ቤተሰብ እንጀራ በአንድ ትንፋሽ እንደደፋሁ አውቄ እጠብቃለሁ።

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለች።

ሳቅም ልቅሶም እኩል መጡብኝ።

«ደንቡን ስንጽፍ ወረቀቱ የተቃጠለበት ሰው አልታሰበንም» ብላ ቀጠለች። «ጥፋቱ የእኛም ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ይሆናል ብዬ ስለጠረጠርኩ ትናንት አለቆቼን አስፈቅጃለሁ። መታወቂያ የሌለው ሰው በሁለት ምስክር ይቀጠራል። ለእያንዳንዱ የራሱ ኮንትራት፣ የራሱ የሥራ ደብዳቤ ይሰጠዋል። በሰው ስም መሥራት ይቀራል፣ ከስምንት ሰዓት በላይ መሥራትም ይቀራል።»

ነርሷ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀያሹ ሳቁን አቁሞ ጣራውን ያያል። በስድስት ወር ውስጥ ከማንም አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም፤ እኔም መደሰት እንዴት እንደሆነ ረስቼው ኖሮ እጆቼን ከጭኔ ሥር እንደከተትኩ ቀረሁ።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ» አለች። «ዛሬ የሚነግሩኝን ፈርሜ ነው የማስተላልፈው። በኋላ አንዲት ውሸት ከተገኘች የሁሉም ኮንትራት ይሰረዛል፤ እሱን እኔም ማዳን አልችልም። ስለዚህ እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«እሺ» አልኩ። እዚህ ላይ አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት? ግን ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ቃል ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። «እውነት ከተባለማ» አልኩ፣ «አሥራ ዘጠኝ ሰዓት አይደለም የምንሠራው። አሥራ ስድስት ነው። ማሽናችሁ ተሳስቷል።»

«ቆይ ልየው» ብላ ወደ ሌላ ስክሪን ዞረች። ሙሽራዋ ከሰሌዳው ሥር ጭንቅላቷን በኃይል ትነቀንቅብኛለች። ምን እንደፈለገች አልገባኝም።

«አልተሳሳተም» አለች ሴትዮዋ። «ከሌሊቱ ስምንት እስከ አሥራ አንድ በየቀኑ ሦስት ሰዓት አለ። አዲስ ሥራ አይደለም፤ የቀትሩን ፋይሎች እየከፈተ የሚያስተካክል ሰው ነው። ልጠይቅዎ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ከስድስት እስከ አሥር በተጻፉት ላይ ጥያቄው በሙሉ አለ፣ አንድ ነጥብ አይጎድልም። መልሱ ግን የለም። አይሰማም፣ አይሰማም፣ አይሰማም እያለ ይወርዳል። ከዚያ ሌሊት አንድ ሰው መልሱን ሁሉ ይሞላዋል፤ ለዚያ ሰዓት ክፍያ እንኳ አልጠየቀም።»

«መስመሩ ነው» አልኩ። «የስልክ መስመር ይቆራረጣል።»

«እኔም መስሎኝ ቀረጻውን አዳመጥኩት። ጠያቂው በግራ በኩል፣ መላሹ በቀኝ በኩል ነው የተቀዳው። ቀኙ ጥርት ብሎ ይሰማል።»

ቀያሹን አየሁት። ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

ማዳመጫው አልሞተም ነበር። የሞተው የእኔ ጆሮ ነው። ያውቁ ነበር፤ ሦስቱም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። እኔ «አይሰማም» ብዬ በኩራት የዘጋሁትን ገጽ ሙሽራዋ ሌሊት ተነሥታ ስትሞላ፣ ከዚያ የራሷን ፈረቃ ስትሠራ፣ ረፋድ ላይ ደግሞ እኔ ስለ ነጠላ ሰረዝ ስቆጣት አንገቷን ደፍታ ስትሰማኝ ኖራለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደሜም ፈላ፤ በማን ላይ እንደፈላ ግን አላውቅም።

«የቀትሩ ተረኛ ማን ናቸው?» አለች ሴትዮዋ።

ሙሽራዋ እጇን አወጣች። ደረቷን በጣቷ መታ መታ አደረገችና በከንፈሯ ብቻ «እኔ ነኝ በያት» አለችኝ። ከዚያ እኔን አመለከተች፣ ከዚያ ፀሐይ የምትወጣበትን መስኮት። የንጋቱን አንቺ ውሰጂ ማለቷ ነው። የንጋቱ ጽሑፍ ከሁሉም የተሻለ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱን አውልቃ ልታለብሰኝ ነው። ከአንሶላው ማዶ ልጄ ለእናቴ አንድ ነገር ስታነብላት ይሰማኛል፣ በግራ ጆሮዬ።

አልዋሽም፤ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። የሙሽራዋን ሰዓት ብወስድ ደብዳቤው የእኔ ነው። ግን ከዚያ በኋላ በራሴ ስም ብቻዬን ስሠራ በመጀመሪያው ሳምንት እያዛለሁ፣ ስያዝም ሁሉንም ይዤ ነው የምወድቀው። ጆሮዬ ነው ልበላት? ሣጥኑ ላይ ጤነኛ ናቸው ብዬ ፈርሜአለሁ፤ ያችው አንዲት ውሸት ተገኘች ማለት ነው። በየትም ብዞር ሦስቱ ከእኔ ጋር ይሰረዛሉ።

ውሸታም ምስክር ብዙ አይቻለሁ። የሚያዝ ዝርዝር የሚያበዛው ነው። የማይያዘው አጭር ተናግሮ ዳኛውን ቀጥ ብሎ ያያል።

«የቀትሯ ተረኛ ሄዳለች» አልኩ። «ትናንት። ዘመድ አገኘች።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አልጽፍም። ስሜን ነው ያዋስኳቸው።»

ሙሽራዋ ልትነሣ ስትል ነርሷ ክንዷን ያዘቻት። ሴትዮዋ ስትጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል። «ስለዚህ ሦስት ሰው» አለች፣ እኔም የሦስቱን ስም ከነአባታቸው፣ ዕድሜያቸውን፣ የሚሠሩበትን ሰዓት አንድ በአንድ ነገርኳት። ደግማ አነበበችልኝ። ልክ ነው አልኩ። ፈርማ ላከችው፤ ስትልከው አየኋት።

«የተጀመሩትን ፋይሎች እንዲጨርሱ አካውንቱን አሁን ከፍቼዋለሁ» አለች። ልንሰነባበት ስንል መነጽሯን መልሳ አደረገች። «ለሄደችው ሴት አዘንኩ። ግራው ብቻ መጻፉን ሳይ አንድ ጆሯቸው የማይሰማ ሰው ናቸው ብዬ ገምቼ ነበር። ከጦርነት ቦታ የሚመጡ ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ ያጋጥመናል። ሁለቱን ድምፅ አንድ ላይ የሚያደርግ ቁልፍ አለ፣ አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው። በአንድ ጆሮ የሚሠሩልኝ አምስት ሰዎች አሉ። ያ ሣጥንም መጀመሪያውኑ ስህተት ነበር፣ ባለፈው ወር አስወጥተነዋል፤ በእሱ ማንም አይጠየቅም። እንዲያ የሚጽፍ ሰው ማጣት አልፈልግም። ካገኟት ቢነግሩልኝ?»

ቃሏን ከአፏ ተቀብዬ፣ ኧረ እኔ ነኝ ልላት አፌን ከፈትኩ። ከሰሌዳው ሥር ሦስት ሰው ያየኛል። ስማቸው ገና አሁን ተፈርሞ ሄዷል፣ ከሥሩ «የቀትሯ ተረኛ ሄዳለች» የሚል የእኔ ቃል አለ። አንዲት ውሸት ብላለች።

«እነግራታለሁ» አልኩ።

«አመሰግናለሁ» አለችና ስክሪኑ ጠቆረ።

ከዚያ ነርሷ «አሁኑኑ ደውይላት፤ ይህች ሴት ትሰማሻለች፣ እትዬ» አለች።

«እሷ ትሰማኛለች። አለቆቿስ? በልጆችሽ ትወራረጃለሽ?»

ዓይኗ እንደገና ልጆቿ ወዳሉበት አንሶላ ሄደ። እንድትመልስም አልፈለግኩም።

«ለምንድነው ያልነገራችሁኝ?» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ስድስት ወር። አንድ ሰው እንዴት አይነግረኝም?»

«ማን ይድፈርሽ?» አለ ቀያሹ። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ግን መሐል ላይ ተሰበረበት። «ጆሮሽን ካወቅሽ ትተዪዋለሽ ብለን ነው። አንቺ ከተውሽው እኛ ማን አለን?»

ሙሽራዋ እያለቀሰች ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። ቁልፉን ፈልጋ ለማግኘት ብዙም አልፈጀባትም፤ ከድምፅ ማስተካከያው ሥር ነበር፣ ስድስት ወር ሙሉ ዓይናችን ሥር። የሰኞ ቀትር ፋይሌን ከፈተች፣ ቁልፉን ተጫነች፣ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጭንቅላቴ ላይ አጠለቀችልኝ።

ጠያቂው ውኃ ከየት እንደሚቀዱ ጠየቀ። እኔም በልምድ «አይሰማም» ልጽፍ ጣቶቼ ተንቀሳቀሱ። አንድ ሽማግሌ ግን በግራ ጆሮዬ መለሰ። ጉድጓዱ እንደደረቀ፣ ልጁ ሁለት ጀሪካን ተሸክማ ከወንዝ እንደምትመላለስ፣ አንዱ ጀሪካን እንደሚያፈስ ተናገረ። ሲናገር ያስላል፤ ሳሉ እንኳ ይሰማል። ጻፍኩ። ሳላቆም፣ ወደ ኋላ ሳልመለስ አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍኩ፣ ቃል አላመለጠኝም። እንባዬ ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠባል፤ እኔ እንደሆነ ስጽፍ እንባ ጠርጌ አላውቅም።

ገጹ ሲያልቅ ቀና አልኩ። ቀያሹ ከኋላዬ ቆሟል። ሰዓቱ የእሱ ነበር፤ ግን ተነሺ ለማለት አልደፈረም፤ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። ማዳመጫውን አውልቄ ሰጠሁትና ወንበሩን ለቀቅኩለት።